ሞኒተሩ ቀጥ ሲል፦ የሐኪም ድራማዎች ከባድ ነገሮችን እንዴት ያሳያሉ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ነው። የ14 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ልጄ የውጭ የሐኪም ድራማዎችን ከቴሌግራም እያወረደች በስልኳ ታያለች። አንዳንዴ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለምታጫውተው ትንሹም አብሯት ያያል። በቅርቡ አንዲት ተማሪ ራሷን ለማጥፋት ስትሞክር የሚታይበት ክፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጄ ዝም ብላለች። ትንሹ ደግሞ ሆዱ የተከፈተ ሰው አየሁ ብሎ ብቻዬን አልተኛም ይላል። ሌላው ስለ እናቴ ነው። አምና ሆስፒታል ተኝታ አረፈች። ልቧ ሲቆም ሐኪሞቹ ደረቷን ጥቂት ደቂቃ ተጫኑና ተዉት። በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን ማሽን አላደረጉላትም። በድራማው ግን ሁልጊዜ ያደርጋሉ፤ ሰውየውም ይነሳል። እኛን ድሃ ስለሆንን ነው የተዉን? ድራማውንስ ልከልክል?»

ምላሽ፦ ከእናትዎ ልጀምር፤ ከሁሉም ከባዱ እሱ ስለሆነ። እዚያ ክፍል ውስጥ ስላልነበርኩ የሐኪሞቹን ሥራ ልክ ነው ወይም ስህተት ነው ልልዎት አልችልም። ግን ከድራማው ተነስተው የጠበቁት ነገር ራሱ የተሳሳተ ነው። ጥርጣሬዎ የቆመው በዚያ ላይ ከሆነ፣ ዓመት ሙሉ ሳያስፈልግ ሲሰቃዩ ኖረዋል።

ማሽኑን እንየው። በድራማ የልብ ምትን የሚያሳየው የሞኒተሩ መስመር ቀጥ ይላል። ያ ረጅም ድምፅ ይሰማል። ሐኪሙ «ዞር በሉ!» ብሎ መሣሪያውን ደረት ላይ ያሳርፋል። በሽተኛው ከአልጋው ብድግ ብሎ ይወድቃል፤ ልቡም መምታት ይጀምራል። በእውነተኛ ሕክምና ግን ቀጥ ያለ መስመር በኤሌክትሪክ አይመታም። ማሽኑ የቆመ ልብ ማስነሻ አይደለም። የሚያገለግለው ልብ ሥርዓቱን ስቶ ሲርገበገብ ነው። ያን መርገብገብ ለቅጽበት ጸጥ ያሰኘዋል፤ ከዚያ ልብ በራሱ ሥርዓት እንደገና የመምታት ዕድል ያገኛል። መስመሩ ቀጥ ካለ ግን ጸጥ የሚሰኝ ነገር የለም። የሚደረገው ደረት መጫን፣ አየር መስጠትና አድሬናሊን በደም ሥር መስጠት ነው። የእናትዎ ልብ በዚህ መልክ ቆሞ ከነበረ፣ ማሽኑን አለማድረጋቸው ትክክለኛው ሕክምና ነው። ሀብታም ቢሆኑም፣ አሜሪካ ቢኖሩም ያው ነበር።

ቀጥሎ «ሰውየውም ይነሳል» ያሉት አለ። ይህን ጉዳይ የቆጠሩ ሐኪሞች አሉ። በ1996 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት 97 የቴሌቪዥን ክፍሎችን ተመለከተ። በነዚህ ውስጥ ልብና መተንፈስን ለመመለስ 60 ጊዜ ተሞክሯል። ለጊዜው የተረፉት 75 በመቶ ናቸው። 67 በመቶ ደግሞ ድነው ከሆስፒታል የወጡ ይመስሉ ነበር። በእውነተኛው ዓለም፣ ሁሉ ነገር በተሟላባቸው የሀብታም አገር ሆስፒታሎች እንኳ፣ ልባቸው ሆስፒታል ውስጥ ከቆመባቸው ሰዎች ወደ ቤት የሚመለሱት ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ገደማ ናቸው። ከሆስፒታል ውጭ ከሆነ ከአሥር አንዱ ገደማ ነው። ለረጅም ጊዜ ታመው ለቆዩ አዛውንቶች ቁጥሩ ከዚህም ይወርዳል። የጽኑ ሕሙማን አልጋ በሚያጥርበት አገር ደግሞ የበለጠ ይወርዳል። በዚያው ጥናት ልባቸው ቆሞ ከታዩት መካከል 65 በመቶው ሕፃናት፣ ታዳጊዎችና ወጣቶች ነበሩ። በሥራችን የምናየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ የገፋ፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያደከመው ሰው ነው። ድራማው ወጣቱን የሚመርጠው ተመልካቹ እንዲጓጓ ነው። እርስዎ ግን ያን ወጣት ከእናትዎ ጋር አነጻጸሩት።

ደረት መጫኑም ራሱ እንደሚታየው አይደለም። ተዋናዩ ጤነኛ ሰው ነው፤ ደረቱን ከምር ቢጫኑት ይጎዳል። ስለዚህ ክርናቸውን አጥፈው ለስለስ አድርገው ነካ ነካ ያደርጉታል። ልብ ብለው ካዩት ክርኑ ሲታጠፍ ይታያል። በእውነቱ ክንድ ቀጥ ይላል። ደረቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። የጎድን አጥንት ይሰበራል፤ ሲሰበር ድምፁ ይሰማል። ሁለት ደቂቃ የተጫነ ሐኪም ላብ በላብ ሆኖ ለሌላ ያስረክባል። ይህን ያየ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «እናቴን አንገላቷት» ይላል። ያላየው ደግሞ «ቶሎ ተዉት» ይላል። ሐኪሞች የሚያቆሙት፣ ልብ የቆመበት ምክንያት የማይመለስ ሲሆንና መቀጠሉ በሽተኛውን ከማጉላላት በቀር ጥቅም ሲያጣ ነው። ውሳኔው ለወሳኙም ቀላል አይደለም።

ይህን ሁሉ የምልዎት ጥያቄዎን እንዲተዉት አይደለም። የእናትዎን የካርድ ቁጥር ይዘው ሆስፒታሉ ይሂዱ። ያክሟት የነበረውን ሐኪም ወይም የክፍሉን ኃላፊ ያነጋግሩ። ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ልቧ ሲቆም መስመሩ ምን ዓይነት ነበር? ለምን ያህል ጊዜስ ሞከራችሁ? በካርዱ ላይ መጻፍ ያለበት ነገር ነው። ይህ ልመና አይደለም፤ የቤተሰብ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚያገኙት መልስ ባያጠግብዎት እንኳ፣ ከድራማ ጋር እያነጻጸሩ ከመብሰልሰል ይሻላል።

እዚህ ላይ ድራማዎቹ ከኛ ሆስፒታሎች የሚሻሉበትን አንድ ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ። ክፉ ዜና የሚነገርበትን መንገድ ማለቴ ነው። በጥሩ ድራማ ሐኪሙ ቤተሰቡን ወደ አንድ ክፍል ያስገባል፤ በሩን ይዘጋል፤ ቁጭ ይላል፤ መሞቷን በግልጽ ቃል ይናገራል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህ ፈጠራ አይደለም፤ ሐኪሞች ከሚሠለጥኑበት ሥርዓት የተወሰደ ነው። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ ዜናው ኮሪደር ላይ፣ ከቤተሰቡ ጠንከር ላለው ወንድ፣ በችኮላ ይነገራል። እርስዎም ከዚያ ቀን የያዙት ቁስል ከፊሉ ይህ ይመስለኛል። ማንም አስቀምጦ አላስረዳዎትም። ባህላችን ራሱ ከዚህ የተሻለ ያውቃል። መርዶ ለብቻ አይነገርም። ሽማግሌና ዘመድ ይሰበሰባል፤ ማልዶ ይሄዳል፤ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ይቆማል። በሌላ በኩል ድራማው የሚያሳየውን ሁሉ እንዳለ እዚህ እናምጣ ማለትም ልክ አይደለም። ሐኪሙ ለበሽተኛው ብቻውን «ካንሰር ነው፣ ይህን ያህል ወር ቀርቶሃል» ሲለው እናያለን። ካንሰሩን ከበሽተኛው ደብቆ ለልጆቹ ብቻ መንገርም በደል ነው። በኔ እምነት ሐኪሙ አስቀድሞ በሽተኛውን ራሱን መጠየቅ አለበት፤ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ? ማን አብሮህ ይሁን?

አሁን ወደ ልጆቹ። ብዙ ወላጅ የሐኪም ድራማን የሚመዝነው በደሙ ብዛት ነው። ለትንሹ ልጅ ይህ ሚዛን ይሠራል። ለትልቋ ግን አይሠራም። ለእሷ የሚጎዳው ወይም የሚጠቅመው፣ ድራማው ከክፉው ነገር በኋላ ምን አሳየ የሚለው ነው። ሰው ተጎዳ፤ ከዚያስ? ማን ረዳው? የት ሄደ? ሳምንት፣ ወር፣ ዓመት ሲያልፍ ምን ሆነ? መንገዱ እስከ ጥግ ከታየ በጣም ከባድ ነገር እንኳ ያስተምራል። መንገዱ ከተቆረጠ የሚቀረው ድንጋጤው ብቻ ነው።

ራስን ማጥፋት ላይ ይህ ልዩነት በግልጽ ተለክቷል። የእንግሊዙ ቢቢሲ ከ1986 ጀምሮ የሚያሳየው ካዥዋልቲ የሚባል የሆስፒታል ድራማ አለ። በአንዱ ክፍል አንድ ሰው በተወሰነ መንገድ ራሱን ሲጎዳ አሳየ። በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ክፍሉ በተላለፈ በመጀመሪያው ሳምንት ራሳቸውን መርዘው ወደ ሆስፒታል የመጡ ሰዎች ቁጥር 17 በመቶ ጨመረ። በሁለተኛው ሳምንት ጭማሪው 9 በመቶ ነበር። ዘዴውን እዚህ የማልጠቅሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ2010 ደግሞ የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ተቃራኒውን አሳዩ። ጋዜጦች በከባድ ሐሳብ ውስጥ ገብቶ ስለወጣ ሰው ሲጽፉ፣ ራስን የማጥፋት ቁጥር ዝቅ ከማለት ጋር አብሮ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ለፊልም ሠሪዎች ያወጣው መመሪያም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ዘዴውን በዝርዝር አታሳዩ፤ በአንድ ምክንያት የመጣ አታስመስሉ፤ እርዳታ እንዳለና እንደሚሠራ አሳዩ ይላል።

ልጅዎ ያየችው ክፍል ከየትኛው ወገን እንደሆነ ካላየሁት አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ጥንቃቄ የሚያደርጉ አዘጋጆች መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ፣ መጨረሻ ላይ የእርዳታ ስልክ ይጽፋሉ። ከቴሌግራም የሚወርደው ፋይል ግን ብዙ ጊዜ ዳርና ዳሩ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ቁጥሩ ቢኖርም የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ነው፤ ከሐዋሳ ቢደውሉ ማንም አያነሳም። ቲክቶክ ላይ የሚዞሩት ቁርጥራጮች ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። ከ45 ደቂቃ ታሪክ ውስጥ አስደንጋጩ አንድ ደቂቃ ብቻ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከሱ በኋላ የመጣው ሐኪም፣ እናት፣ ሕክምና የለም። ስለዚህ የቀረውን መንገድ የሚሞሉት እርስዎ ነዎት።

እንዴት? በቀጥታ በመጠየቅ። «ካነሳሁት ሐሳቡን አስገባባታለሁ» የሚለው ፍርሃት በጣም የተለመደ ነው፤ ግን ስህተት ነው። ስለ ጉዳዩ በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። ብዙ ጊዜ እፎይታ ነው የሚሰጠው። ፊት ለፊት ተቀምጦ መመርመር ለታዳጊ ይከብዳል። ስለዚህ ፍቅር ሐይቅ ዳር እየተራመዳችሁ ወይም ማጀት አብራችሁ ሽንኩርት እየላጣችሁ ቢሆን ይሻላል። «ያ ያየሽው ክፍል ከብዶሻል መሰለኝ። ስለ ልጅቷ ምን አሰብሽ?» ብለው ይጀምሩ። ከዚያ ቃሉን ሳያሽሞነሙኑ «አንቺስ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?» ይበሉ። «አይ፣ አዘንኩላት እንጂ» ካለች ይመኑኝ፣ ማዘኗ ጤንነት ነው። «አዎ» ካለች አይቆጡ፤ አያልቅሱባት፤ «እግዚአብሔር አይወደውም» ብለውም አፏን አይዝጉ። ጸሎቱ፣ ጸበሉ ይኑር፤ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል። በዚያ ቀን ብቻዋን አይተዉአት። ቤት ያለውን መድኃኒትና የተባይ ኬሚካል ቆልፈው ያስቀምጡ። በዚያው ዕለት ወደ ሪፈራል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷትና የአእምሮ ሐኪም እንዲያያት ይጠይቁ። ነገ ከነገ ወዲያ የሚባል ነገር አይደለም።

ሌላው ታዳጊ ሴቶችን የሚነካው ርዕስ መደፈር ነው። ግሬይስ አናቶሚ ከ2005 ጀምሮ የሚተላለፍ የአሜሪካ የሐኪም ድራማ ነው፤ ብዙ የሚያናድድ ነገር አለበት። ሐኪሞቹ ከበሽተኛው ይልቅ በፍቅራቸው ይጠመዳሉ። በ2019 የሠሩት አንድ ክፍል ግን በጣም አክብሬዋለሁ። የተደፈረች ሴት ወደ ሆስፒታል ትመጣለች። ድርጊቱ ራሱ አይታይም። የሚታየው ምርመራው ነው፤ ሐኪሟ እያንዳንዱን ነገር ከማድረጓ በፊት ትጠይቃታለች፤ ሴትዮዋ እሺ ሳትል እጅ አያርፍባትም። ወደ ቀዶ ሕክምና ስትወሰድ ወንድ ፊት ማየት አስፈርቷት ስለነበር፣ የሆስፒታሉ ሴት ሠራተኞች ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይሸኟታል። ከስርጭቱ በኋላ የአሜሪካው የጥቃት ተጎጂዎች የእርዳታ መስመር የጥሪው ቁጥር 43 በመቶ ጨመረ። ሰዎች ተደናግጠው ብቻ አልቀሩም፤ ስልክ አነሱ።

ለልጅዎ ከዚህ ርዕስ ማወቅ ያለባትን ይንገሯት። እንዲህ ያለ ነገር በሷም ሆነ በጓደኛዋ ላይ ቢደርስ ጥፋተኛዋ እሷ አይደለችም። ወደ ጤና ተቋም በፍጥነት መሄድ ያስፈልጋል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ቢሰጥም በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። በአገራችን በተወሰኑ ሆስፒታሎች ሕክምናውን፣ ምክሩንና የፖሊሱን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ። ሽማግሌ ልኮ እርቅ ማውረድ ከዚያ በፊት መምጣት የለበትም። በኔ እምነት ከዚያ በኋላም መምጣት የለበትም።

«ለምን እንዲህ ያለውን ነገር ያሳያሉ?» ለሚል ደግሞ መልሱ ገንዘብና ተመልካች ብቻ አይደለም። በ1995 ኢአር የተባለው የአሜሪካ የሐኪም ድራማ አንድ ሙሉ ክፍል ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሰጠ። ሴትዮዋ የመጣችው የሽንት ኢንፌክሽን መስሏት ነው። ሐኪሙም እንደዚያ አሰበ። የደም ግፊቷ ያመጣው አደጋ እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረና አንቀጠቀጣት፤ ልጁ ተረፈ፣ እናት ሞተች። የመጨረሻ ደቂቃ ተአምር የለም። ጥሩው ሐኪም፣ ሁላችንም የምንወደው ሐኪም፣ ተሳሳተ። ያን ጊዜ ይህን በቴሌቪዥን ማሳየት ድፍረት ነበር። እኛ አገር የእርግዝና ደም ግፊት እስከ ዛሬ ከእናቶች ሞት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ያን አይታ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም ከጎድን ሥር ሕመም ሲመጣባት «ያልፋል» ብላ ከመተኛት ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ፣ ያ ከባድ ክፍል ሥራውን ሠርቷል።

ኤችአይቪም እንዲሁ። ይኸው ኢአር በ1996 ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ ቫይረሱ በደሟ እንዳለ ካሳየ በኋላ አልገደላትም። ሥራዋን እየሠራች ቀጠለች። ያኔ በኛ ሰፈር ቫይረሱ ያለበት ሰው ከኪራይ ቤት ይባረር ነበር። በ2008 ደግሞ ግሬይስ አናቶሚ ላይ ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ተገቢውን ሕክምና ካገኘች ጤነኛ ልጅ የመውለድ ዕድሏ 98 በመቶ መሆኑ ተነገራት። በጤና ጉዳዮች ላይ ጥናት የሚያደርገው የአሜሪካው የካይዘር ተቋም ተመልካቾችን አስቀድሞም በኋላም ጠየቀ። ይህን የሚያውቁት ከ15 በመቶ ወደ 61 በመቶ ከፍ አሉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ወደ 45 ወርደዋል። ቁጥሩ ሁለቱንም ይነግረናል፤ ድራማ ያስተምራል፣ ግን ካልተደገመ ይረሳል። የኛው የሬዲዮ ድራማ የቀን ቅኝት ከ2002 እስከ 2004 ከ250 በላይ ክፍሎች የተላለፈው ለዚህ ነው። ሰው ተሳስቶ የሚያስከትለውን በአንድ ማታ ሳይሆን በወራት ውስጥ እያየን ነበር። ዛሬ በአማርኛ የሐኪም ድራማ ልጻፍ የሚል ካለ ከአሜሪካ በፊት እሱን ይመርምር።

ስህተቶቹን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አልችልም፤ አንዱን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ የሚጥል በሽታ። በ2010 ተመራማሪዎች በታዋቂ የአሜሪካ የሐኪም ድራማዎች የታዩ 59 የመንቀጥቀጥ ትዕይንቶችን ሲያዩ፣ ወደ ግማሽ በሚጠጉት የተሰጠው እርዳታ ስህተት ነበር። ሰውየውን ጨምድደው ይይዛሉ፤ አፉ ውስጥ ነገር ይከታሉ። እኛ ደግሞ ክብሪት ጭረን እናሸትታለን። ሁሉም አይጠቅምም። በጎኑ ያስተኙት፤ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፤ አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ይሩጡ። የአካል ንቅለ ተከላውንም ሲያዩ ይለዩት። በድራማ ከሞተ ሰው ልብ ሲወሰድ እናያለን። እዚህ ያለው ከ2015 ጀምሮ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው፣ ሕያው ዘመድ ኩላሊቱን የሚሰጥበት ሕክምና ነው።

የትንሹ ልጅዎ ጉዳይ ከእህቱ የተለየ ነው። እስከ 8 ዓመት ገደማ ያሉ ልጆችን የሚያስፈራቸው የሚታየው መልክ ነው። ደም፣ የተከፈተ ሆድ፣ የተበላሸ ፊት። ከዚያ በላይ ያሉትን የሚያስፈራቸው «እኔም ላይ ይደርሳል» የሚለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ ለሰባት ዓመት ልጅ «ውሸት እኮ ነው፣ ቀለም ነው» ማለት ብዙም አይጠቅመውም። በቃል «እሺ» ይላል፤ መብራት ሲጠፋ ምስሉ ተመልሶ ይመጣል። የሚያረጋጋው አጠገቡ መሆንዎ፣ እጁን መያዝዎ፣ ትንሽ መብራት መተውዎ ነው። ጥቂት ቀን አብረውት ቢተኙ አይበላሽም። «ወንድ ልጅ አይፈራም» አይበሉት። ሲያየው የነበረውን እንዲስል ወይም በአሻንጉሊት ሐኪም እየሆነ እንዲጫወት ይተዉት፤ በጨዋታው ውስጥ ሆዱን ሰፍቶ ሲዘጋው ያዩታል።

ስለ መከልከሉ፦ ለትንሹ አዎ፤ ሙሉ በሙሉ ይከልክሉ። ለትልቋ አይከልክሉ። የ14 ዓመት ልጅ ስልክ ይዛ ከከለከሏት ብርድ ልብስ ውስጥ ታየዋለች፤ ያኔ ደግሞ የምትጠይቀው ሰው አይኖራትም። ይልቅ ድራማው ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን ይምጣ፤ ትንሹ ከተኛ በኋላ ይሁን፤ ቢያንስ ከባድ ርዕስ ያለባቸውን ክፍሎች አብረዋት ይዩ። ክፍሉን ከማጫወታችሁ በፊት ስለ ምን እንደሆነ ታንብብልዎት። ራስን ማጥፋት ወይም መደፈር ካለበት፣ እሷ ከባድ ጊዜ ላይ ከሆነች፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የተቆራረጡትን የቲክቶክ ቪዲዮዎች ግን እንድታቆም በግልጽ ይንገሯት፤ ምክንያቱንም ጭምር። አብራችሁ ስታዩ የእናትዎን ነገር ያንሱላት። አያቷ ናት፤ እሷም ያንኑ ድራማ እያየች ያንኑ ጥያቄ ይዛ ሊሆን ይችላል። ስለ ማሽኑ የነገርኩዎትን እርስዎ ይንገሯት።

የትንሹ ፍርሃት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ መሄድ አለበት። የትልቋ ዝምታ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ምግብ ካስጠላት፣ ከጓደኞቿ ከራቀች ወይም ትምህርቷን ከተወች፣ ድራማውን ይርሱትና ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይዘዋት ይምጡ፤ እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ ድራማው ያወጣው እንጂ የጀመረው ላይሆን ይችላል።